የሩቅ ሐኪምና የቅርብ ኃላፊነት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። ሳይመረመር በሰው መድኃኒት የሚታከምም ከዚያ በማይተናነስ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ሊዘነጋ አይገባም።

ይህን ጉዳይ በቤተሰብ ዓምዳችን እንድናነሣ ያደረገን የአንድ ባልደረባችን ባለቤት ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። የስምንት ዓመት ልጃቸው በክፍል ውስጥ ተረጋግቶ አይቀመጥም፤ የጀመረውን አይጨርስም፤ የተነገረውን ወዲያው ይረሳል። በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ የሚኖሩት እኅታቸው ተመሳሳይ ችግር ያለበት ልጅ ስላላቸው፣ «ሐኪሙ እኮ በስልክ እያየን ነው ያዘዘልን፤ ከልጄ ኪኒን ከፍዬ ልላክልሽ» አሏቸው። እናትም «በስልክ የሚታዘዝ ከሆነ ምን ጉዳት ይኖረዋል? ልቀበል ወይ?» ሲሉ ጠየቁን።

መልሳችን አጭር ነው፤ አይቀበሉ። ምክንያቱ ግን ማብራሪያ ይሻል።

ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. በመባል የሚታወቀው የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግር ከአእምሮ ዕድገትና አሠራር ጋር የተያያዘ እንጂ የብልግና ምልክት አይደለም። በአሜሪካ ለዚህ በብዛት የሚታዘዙት ሜቲልፌኒዴትና አምፌታሚን የተባሉት አነቃቂ መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ሪታሊንና አደራል በሚሉት የንግድ ስሞች ይታወቃሉ። በአግባቡ ለታዘዙለት ሰው ትኩረትን ይሰበስባሉ። ነገር ግን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ፣ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ሊቀንሱ፣ ያለ አግባብ የወሰዳቸውንም ለሱስ ሊዳርጉ ይችላሉ። በመሆኑም የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1971 ሁለቱንም ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች መደብ አስገብቷቸዋል።

የርቀት ሕክምናውም ቢሆን እንዲሁ የተለቀቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ራያን ሄይት የተባለ የ18 ዓመት የካሊፎርኒያ ወጣት፣ በአካል መርምሮት የማያውቅ ሐኪም ያዘዘለትንና በኢንተርኔት የገዛውን የሕመም ማስታገሻ ወስዶ ሕይወቱ አለፈ። በስሙ የተጠራው የ2008 ሕግ፣ እንዲህ ያለውን መድኃኒት በኢንተርኔት የሚያዝ ሐኪም በጥቅሉ አስቀድሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታካሚውን በአካል እንዲመረምር አስገደደ። በማርች 2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ይህ ግዴታ ለጊዜው ተነሣ፤ ጊዜውም ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተራዝሟል።

ይሁን እንጂ የቀረው የመንገዱ ድካም ነው፤ ጥበቃው አልቀረም። ሐኪሙ ታካሚው በሚገኝበት ግዛት ለመሥራት ሊፈቀድለት ይገባል። ሙያውን የሚያከብር ሐኪም በቤተሰቡ የልብ ሕመም እንዳለ ይጠይቃል፤ የልጁ የደም ግፊት፣ ክብደትና ቁመት በየጊዜው ተለክቶ እንዲቀርብለት ያደርጋል። ማዘዣው አንዴ ተጽፎ የሚደጋገም ባለመሆኑ ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ በአንድ ቀን በርከት ያሉ ማዘዣዎችን ቢጽፍ እንኳ ድምራቸው ከ90 ቀን አያልፍም። በጠርሙሱም ላይ መድኃኒቱን ከታዘዘለት ሰው በቀር ለሌላ ማስተላለፍ በሕግ የተከለከለ መሆኑ ተጽፎ ይገኛል።

ጥይት ከግምጃ ቤት በቁጥርና በፊርማ እንደሚወጣ የሠራዊቱ አባል ያውቃል። ለጓደኛው ቢራራም በስሙ የወጣውን ቆጥሮ ለሌላ አያድልም። ይህም መድኃኒት እንደዚያው ነው። እኅት ከልጃቸው ቢቀንሱ የራሳቸው ልጅ ወሩ ሳያልቅ ያለ መድኃኒት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 የአደራል እጥረት በአሜሪካ በይፋ ከተነገረ በኋላ ብዙ ቤተሰቦች ማዘዣ እያላቸው መድኃኒት ፍለጋ ተንከራተዋል። የሚልኩት ልምዳቸውን ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል።

ታዲያ እናት ምን ያድርጉ? ልጁን ወደ ክሊኒክ ወስደው ያስመርምሩ። ጆሮው፣ ዐይኑና የእንቅልፉ ነገር ይታይ፤ አጥርቶ የማይሰማ ልጅም የማይታዘዝ ይመስላልና። ይህ ችግር የሚለየው ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ታይተው፣ ቢያንስ ስድስት ወር ቆይተው፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ሲከሠቱ ነው። ስለሆነም መምህሩና እናት የታዘቡትን ጽፎ ይዞ መቅረብ ምርመራውን ያግዛል። ሐኪሙ ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ ቢልክ ሳያፍሩ መሄድ ተገቢ ነው። እስከዚያው ትእዛዝን ማሳጠር፣ አንዱን ሥራ ሳያስጨርሱ ሌላ አለመጨመር፣ ለሠራው በጎ ነገር ወዲያው ማመስገን ይረዳል። ዱላ ትኩረትን አያመጣም።

አባትም በግዳጅ ላይ ሆነው ሲደውሉ «ዛሬ ምን አጠፋ?» ከሚሉ «ዛሬ ምን ጨረሰ?» ብለው ቢጠይቁ ልጁ የሚጠብቀው ጥሪ ይኖረዋል። ከሩቅ ማዘዝም ሆነ ከሩቅ ማሳደግ ፍሬ የሚሰጠው በቅርብ ያለው ሰው ልጁን ነቅቶ ሲጠብቅ ነው።