የጎማ ልደት

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን በጣቱ ይዳስሳል። ጥርሱ ጠለቅ ካለለት «ጎማው ገና ነው» ብሎ ደስ እያለው ይነሳል። ዋናው ማስረጃ ግን ሳይነበብ ቀርቷል፤ ከጎማው ጎን ላይ፣ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ የታተሙት አራት ቁጥሮች።

ቁጥሮቹ የሚገኙት «ዲ.ኦ.ቲ» (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚመጣው ረጅም ኮድ መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። «2319» ማለት ጎማው የተመረተው እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው በፈረንጅ መሆኑን ልብ ይሏል። መጨረሻው «17» የሆነን ጎማ 2017 ዓ.ም. የተሠራ ነው ብሎ የገዛ ሰው፣ በእኛ አቆጣጠር በ2009 ወይም በ2010 ዓ.ም. የተመረተ አሮጌ ጎማ ይዞ ቤቱ ይገባል። ቁጥሩ ሦስት ብቻ ከሆነ ደግሞ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ስለሆነ መንገድ ላይ ሊወጣ አይገባም።

ጥርሱ ያላለቀ ጎማ እንዴት ያረጃል? አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 እ.ኤ.አ. ጎማን ከድኝ ጋር አዋህዶ በሙቀት በማብሰል፣ በሙቀት የሚቀልጠውንና በብርድ የሚደርቀውን ነገር ተለጣጭና ጠንካራ አደረገው። ድኙ ረጃጅሞቹን የጎማ ሰንሰለቶች እንደ ድልድይ ያያይዛቸዋል። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ቀን ከሌት ወደ ውስጥ እየሰረገ ይህን ትስስር ይለውጠዋል፤ ጎማው ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ መለጠጡን ይተዋል። ኦዞን የተባለው ጋዝ ደግሞ የተወጠረውን የጎማውን ገጽ ያጠቃል። በጎማ ጎን ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የሚታየው መሰነጣጠቅ በአብዛኛው የእሱ ሥራ ነው።

አምራቾች መከላከያ ያበጃሉ። ጎማን የሚያጠቁረው ጥላሸት ከፀሐይ ጨረር ይጠብቀዋል። ሰምና 6ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ደግሞ ኦዞንን ለመቋቋም ከውህዱ ጋር ይቀላቀላሉ። አንዳንድ ጊዜ ጎማ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ይኸው ኬሚካል ወደ ላይ ወጥቶ ነው። መከላከያው ወደ ገጹ በደንብ የሚወጣው ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ነው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ለዓመታት የቆመች መኪና ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። «ብዙም አልተነዳችም» የሚለው የሻጭ ምስጋና ለሞተሩ ቢሠራ እንኳ ለጎማው አይሠራም።

የውህዱ አሠራር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ጎማዎች እኩል ላይሰነጠቁ ይችላሉ። ስም ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ፋየርስቶን በ1900 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ስመ ጥር የጎማ አምራች ነበር። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ2000 እ.ኤ.አ.፣ አገልግሎት ላይ የነበሩ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን ለመሰብሰብ ተገደደ። ጥርሱን የያዘው የላይኛው ክፍል በጉዞ ላይ ከብረት ሽቦው መረብ እየተላቀቀ መኪኖች ይገለበጡ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ከዚህ ጋር ያያያዛቸው ሟቾች ቁጥር 271 ደርሷል። ብልሽቱ የበረከተውም በሞቃቶቹ ግዛቶች ነበር።

የሙቀቱ ጉዳይ በሌላ መንገድም ታይቷል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. ለኮንግረስ ባቀረበው ዘገባ መሠረት፣ የአንድ መድን ሰጪ ደንበኞች 27 በመቶው ብቻ የሚኖሩት በቴክሳስ፣ በካሊፎርኒያ፣ በሉዊዚያና፣ በፍሎሪዳና በአሪዞና ቢሆንም፣ ከጎማ ጋር ከተያያዙት የካሳ ጥያቄዎች 77 በመቶው የመጡት ከእነዚሁ ግዛቶች ነበር። ከእነዚህ የካሳ ጥያቄዎችም 84 በመቶው ከስድስት ዓመት በላይ የሆናቸውን ጎማዎች የሚመለከቱ ነበሩ። የጅቡቲን መንገድ በአፋር በረሃ አቋርጦ ለሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ይህ ቁጥር ሩቅ አገር የሚቀር ወሬ አይደለም።

በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሂንድሄድ አካባቢ ከሙዚቃ በዓል የሚመለሱ ወጣቶችን የጫነ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈነዳና ሦስት ሰዎች ሞቱ። ጎማው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ አውቶቡሱን ራሱን በዕድሜ ይበልጠዋል። ከረጅም ውትወታ በኋላ አገሪቱ ከየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የሆናቸው ጎማዎች በአውቶቡስና በጭነት መኪና የፊት እግር ላይ እንዳይገጠሙ በሕግ ከለከለች።

አምራቾቹም ተመሳሳይ ምክር ይሰጣሉ። ሚሸሊን ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ አሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ ደህና ቢመስልም እንዲቀየር ይመክራል። መኪና ሠሪው ፎርድ ስድስት ዓመት ይበቃል ይላል። ምክሩ ስኮርት ጎማንም ይጨምራል፤ ተኝቶ የኖረ ጎማም ዕድሜ ይቆጥራልና።

እንግዲህ ወደ ጎሚስታ ሲሄዱ ንፋስ ብቻ አስሞልተው አይመለሱ። የጎማውን ጎን በጨርቅ ይጥረጉና ቁጥሩን ያንብቡ፤ ሙሉው ኮድ በአንድ በኩል ብቻ ሊታተም ስለሚችል በውጭ በኩል ካላገኙት መኪናው ሥር ጎንበስ ብለው ይፈልጉት። ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነ፣ ክሩ ወይም ሽቦው ከታየ ወይም ጎኑ አብጦ ከተገኘ፣ ጥርሱ ምንም ያህል ቢተርፍ ያንን ጎማ ያስወልቁት።