ያለ ምልክት የሚጠፋ ፋይል፦ በፒኤችፒ የፋይል ጭነት የሚከሽፍበት ምክንያት

በፒኤችፒ በተጻፉ የድረ ገጽ ፕሮግራሞች ፋይል መጫን አንዴ ሠርቶ ሌላ ጊዜ የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ በሁለት የመጠን ገደቦች ሳቢያ ነው። አንደኛው ለነጠላ ፋይል የተወሰነው ሲሆን መነሻው 2 ሜጋባይት ነው፤ ሁለተኛው ለመላው ቅጽ የተወሰነው ሲሆን መነሻው 8 ሜጋባይት ነው። የመጀመሪያው ሲታለፍ ፕሮግራሙ የስሕተት ቁጥር 1 ይደርሰዋል። ሁለተኛው ሲታለፍ ግን ፋይሉም ሆነ የቅጹ መረጃ ባዶ ሆኖ ይቀርባል፤ የስሕተት ቁጥርም አይኖርም። በዚህ የተነሣ የመመረቂያ ጽሑፉን በወቅቱ የላከ ተማሪ እንዳልላከ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ አስቀድሞ የተላከውን ይዘት ርዝመት ከቅጹ ገደብ ጋር ማነጻጸር፣ ከዚያም የስሕተት ቁጥሩን መመርመር ይኖርበታል። ቁጥር 3 ፋይሉ በከፊል ብቻ መድረሱን፣ 6 ጊዜያዊ ማኅደር አለመኖሩን፣ 7 ዲስክ ላይ መጻፍ አለመቻሉን ያመለክታሉ።