የዓይን ምስክርና የአውሮፕላን ስብርባሪ ሲለያዩ የትኛው ይታመናል?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ በግምቢቹ ወረዳ በሚገኝ የእርሻ መሬት ላይ ወደቀ። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ በአየር ላይ የቆየው 6 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። አደጋውን በቅርብ ያዩት የአካባቢው አርሶ አደሮች ነበሩ። ጋዜጠኞች ደርሰው ሲጠይቋቸው አንዳንዶቹ ከአውሮፕላኑ በስተኋላ ጭስ ሲወጣ እንዳዩ፣ እንግዳ የሆነ ኃይለኛ ድምፅም እንደሰሙ ተናገሩ።

እንዲህ ያለ ቃል የሴራ ወሬ ለመፍጠር የሚመች ነው። «ጭስ ከነበረ አየር ላይ ተቃጥሏል፤ ከተቃጠለም ፈንጂ ነበረበት» የሚል ሰንሰለት ለመቀጠል ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሌላው የጥርጣሬ ምንጭ ፎቶግራፉ ነው። ከስፍራው የወጡት ምስሎች የሚያሳዩት ሰፊ ጉድጓድና ደቃቅ ቁርጥራጭ እንጂ ክንፉ ወይም ጅራቱ የሚለይ አውሮፕላን አይደለም። «ያ ሁሉ አካል የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ መልስም አለው።

አውሮፕላኑ መሬት የመታው በአፍንጫው ቁልቁል ተደፍቶ፣ በሰዓት ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርቱ ጉድጓዱ 28 ሜትር ስፋት፣ 40 ሜትር ርዝመት እና 10 ሜትር ያህል ጥልቀት እንደነበረው፣ አብዛኛው የአውሮፕላኑ አካልም መሬት ውስጥ ተቀብሮ እንደተገኘ ይገልጻል። የግምቢቹን አካባቢ የሚያውቅ ሰው በዚህ ብዙም አይደነቅም። አካባቢው መረሬ በሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር የታወቀ ነው፤ መጋቢት ደግሞ ይህ አፈር ደርቆ የሚሰነጣጠቅበት ጊዜ ነው። እዚያ የሆነው ነገር አውሮፕላን ዐለት ላይ ሲከሰከስ ከሚታየው ጋር አይመሳሰልም።

ስለ ጭሱስ? እዚህ ላይ ስብርባሪው ራሱ ይመሰክራል። በሪፖርቱ መሠረት በመሬቱ ገጽ ላይ የተበተኑት ትንንሽ ቁርጥራጮች የተገኙት 200 በ300 ሜትር በሚሆን ክልል ውስጥ ነው። አውሮፕላኑ ከፍታ ላይ ሳለ ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ ቁርጥራጩ የበረራውን መስመር ተከትሎ በኪሎ ሜትሮች ርቀት ይዘራ ነበር። የበረራ መረጃ መቅጃውም ሞተሮቹ እስከ መጨረሻው በከፍተኛ ኃይል ይሠሩ እንደነበር አሳይቷል።

ይህ ማለት ግን አርሶ አደሮቹ ዋሹ ማለት አይደለም። የሰው ትዝታ እንደ ካሜራ የቀዳውን መልሶ አያሳይም። እ.ኤ.አ በ1974 አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ባልደረባዋ የመኪና ግጭት ፊልም ለተማሪዎች አሳይተው ነበር። «መኪናዎቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ከማለት ይልቅ «ሲደቃቀሱ» በሚል ኃይለኛ ቃል የተጠየቁት ተማሪዎች የበለጠ ፍጥነት ገመቱ። ከሳምንት በኋላም በፊልሙ ውስጥ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት አየን ያሉት ከእነሱ መካከል በዙ። ከአደጋው በኋላ የታየ ጭስም በትዝታ ውስጥ ወደ ኋላ ተስቦ ከአደጋው በፊት ሊቀመጥ ይችላል።

እ.ኤ.አ ኅዳር 12 ቀን 2001 ኒው ዮርክ ውስጥ የወደቀው የአሜሪካን አየር መንገድ በረራ 587 ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መርማሪዎች የ349 ምስክሮችን ቃል መረመሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አውሮፕላኑ ከመውደቁ በፊት እሳት አየን አሉ። 18 በመቶዎቹ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አይተናል ሲሉ፣ ሌሎች 18 በመቶዎቹ ወደ ግራ ነው አሉ። ለመርማሪዎቹ ቁልፍ የሆነው ከጃማይካ ቤይ ውኃ የወጣው ቀጥ ያለ የጅራት ክንፍ ነበር። ክንፉ የተገነጠለው አብራሪው የጅራቱን መሪ አለመጠን በማመላለሱ እንደሆነ ተረጋገጠ።

የበረራ 302 ስብርባሪም ከወሬ በፊት የተናገረው ነገር ነበረ። ከጉድጓዱ ከወጡት መካከል በጅራቱ ላይ ያለውን አግድም ክንፍ የሚያዘነብለው ጠመዝማዛ ብረት ይገኝበታል። የተገኘው አፍንጫን ወደ ታች በሚደፋ አቀማመጥ ላይ ነው። ከአምስት ወር ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች ይዞ በወደቀው የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ላይም ተመሳሳይ ምልክት ታይቶ ነበር። ይህ ማስረጃ ከሳተላይት የበረራ መረጃ ጋር ተደምሮ በመጋቢት 4 ቀን 2011 ዓ.ም አሜሪካ የአውሮፕላኑን ዓይነት ከበረራ እንድታግድ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ጭሱን ብቻ ይዞ የሄደ መርማሪ ቢኖር ኖሮ ፈንጂ ፍለጋ ላይ ሳለ ሌላ ማክስ በተነሣ ነበር። አብራሪዎቹን ለመውቀስ የቸኮሉ ድምፆችም የበለጠ ጉልበት ባገኙ ነበር።

ስብርባሪ ግን ሁሉን አይናገርም፤ ክርክሩም ገና ቦታ አለው። ከተነሣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በአፍንጫው በግራ በኩል ያለው፣ አውሮፕላኑ ከአየሩ ፍሰት ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ፣ የቀኙ 15.3 ያሳይ ነበር። ይህ የተሳሳተ ልኬት ነው ኤምካስ የተባለውን ሥርዓት ቀስቅሶ አፍንጫውን ደጋግሞ ያስደፋው፤ በዚህ ላይ ልዩነት የለም። መሣሪያውን ምን አበላሸው በሚለው ላይ ግን አለ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርት ችግሩን ከኤሌክትሪክ ሥርዓት ብልሽት ጋር አያያዘው። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ ተቋማት በበኩላቸው መሣሪያውን ወፍ መትቶታል ብለው ያምናሉ። የወፉ መላምት እውነት ቢሆን እንኳ የተቆረጠው ትንሽ ምላስ የሚወድቀው በግምቢቹ ጉድጓድ ውስጥ አይደለም። የሚወድቀው አውሮፕላኑ ገና ከመሬት በተላቀቀበት፣ በቦሌ ማኮብኮቢያ አቅራቢያ ነው።