የንግድ ፈቃድ አይወረስም፤ መደብሩ ግን ይተላለፋል

በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህና በቶጎ ውጫሌ ከተሞች የሚገኙ አነስተኛ የንግድ ሱቆች በአብዛኛው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆሙ ናቸው፡፡ ፈቃዱ በባለቤቱ ስም ነው፤ ዕቃ የሚያመጣለትን ጅምላ ነጋዴ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ከብቱን ሸጦ እስኪከፍል ስኳርና ሩዝ በዱቤ የወሰደውን አርብቶ አደር ስምም የያዘው የእርሱ ደብተር፣ አንዳንዴም ትውስታው ብቻ ነው፡፡ ባለቤቱ ሲያረጅ፣ ሲታመም ወይም ወደ ውጭ ሲሄድ ግን ሱቁ ለማን እንደሚተላለፍ አስቀድሞ የሚታሰብበት ጊዜ ጥቂት ነው፡፡

ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች የሚመጡ ባለጉዳዮች በብዛት የሚሳሳቱት ፈቃድንና የንግድ መደብርን አንድ አድርገው በማየት ነው፡፡ ፈቃድ ለተሰጠው ሰው ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ አይሸጥም፣ አይከራይም፡፡ የንግድ መደብር ግን ዕቃውን፣ የንግድ ስሙን፣ የቤቱን የኪራይ መብትና በተለምዶ «ጉድዊል» የሚባለውን የተገነባ ደንበኝነት አጠቃልሎ የያዘ ሀብት ነው፡፡ ይህ ሀብት ይሸጣል፣ ይወረሳልም፡፡ የተረከበው ሰው በራሱ ስም ፈቃድ ያወጣል፡፡

በአካባቢው የውርስ ጉዳይ በአብዛኛው የሚታየው በተከራካሪዎች ፈቃድ በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ነው፡፡ ለዚህም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ተጥሏል፡፡ በሸሪዓው ሥርዓት ከቀብር ወጪ በኋላ ዕዳ ይቀድማል፣ ከሀብቱ አንድ ሦስተኛ ያልበለጠ ኑዛዜ ይከተላል፣ የቀረው ለወራሾች ይከፈላል፡፡ ለምሳሌ ከዕዳ ተጣርቶ 400 ሺህ ብር የሚያወጣ ሱቅ ትቶ የሞተ ሰው ሚስት፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ብቻ ቢኖሩት ለሚስቱ አንድ ስምንተኛው፣ ማለትም 50 ሺህ ብር ይደርሳታል፡፡ ወንዱ ልጅ 175 ሺህ፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 87 ሺህ 500 ብር ያገኛሉ፡፡ ሒሳቡ ግልጽ ነው፡፡ አስቸጋሪው ነገር ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ባለ ዕቃ መልክ መኖሩ ነው፡፡ አንዱ ወራሽ የሌሎቹን ድርሻ ቀስ በቀስ እንዲከፍል ካልተስማሙ በስተቀር ዕቃው ተሽጦ ሱቁ ይዘጋል፤ ደንበኝነቱም ያለ ዋጋ ይጠፋል፡፡ ዱቤው በጽሑፍ ካልሰፈረም ለሟቹ የሚከፈለው ገንዘብ ይቀራል፤ እርሱ የነበረበት ዕዳ ግን በአበዳሪዎቹ መጠየቁ አይቀርም፡፡

በ2013 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ በዚህ ረገድ አዲስ መንገድ ከፍቷል፡፡ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ሲፈቅድ፣ ባለቤቱ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ በቦታው የሚተካ ሰው ከመነሻው እንዲሰየም አድርጓል፡፡ ፈቃዱ በማኅበሩ ስም ስለሚሆን ወራሾች የሚከፋፈሉት የስኳር ጆንያ ሳይሆን ድርሻ ይሆናል፡፡ ሒሳብ መያዝን ስለሚጠይቅ ለትንሿ ኪዮስክ የሚመከር አይደለም፤ ለጅምላ አከፋፋይ ግን ድካሙ የሚያስቆጭ አይሆንም፡፡

በሕይወት እያለ መሸጥ የሚፈልግ ነጋዴም ያለ መዝገብ ብዙ አይራመድም፡፡ ቀደም ሲል የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረባቸው ብዙዎቹ ትርፋቸውን ለገዢ ማሳየት ይቸገራሉ፡፡ ዋና መሥሪያ ቤቱን ጅግጅጋ ያደረገውን ሸበሌ ባንክን የመሰለ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጥ ተቋም ለገዢው ገንዘብ ሲያቀርብም የሚመዝነው ሰነድ ያስፈልገዋል፡፡

ቦታውም ዋጋ ይወስናል፡፡ በ1980 ዓ.ም ከሐርጌሳ አካባቢ የተፈናቀሉ ስደተኞች የሰፈሩባት ሐርትሼክ በዓለም ትልቅ ከሚባሉት መጠለያዎች አንዱን ይዛ ገበያዋ ደርቶ ነበር፡፡ መጠለያው በ1996 ዓ.ም ሲዘጋ ገዢው አብሮ ሄደ፡፡ በጅግጅጋ ደግሞ በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም መጨረሻ በተፈጠረው ሁከት ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ከተማዋን በአንድ ቀን ጥለው የወጡ ነጋዴዎችም ነበሩ፡፡ የሰነዶችን ቅጂ በሌላ ከተማ በዘመድ እጅ ማስቀመጥ ከዚህ በኋላ እንደ ትርፍ ጥንቃቄ ሊታይ አይገባም፡፡

ፈቃዱን ሳይመልስና ለገቢዎች መሥሪያ ቤት ሳያሳውቅ ሱቁን የዘጋ ነጋዴ ግብርና ቅጣት ሲቆጠርበት ይቆያል፡፡ ወራሾቹ ይህን የሚሰሙት ክሊራንስ ለመጠየቅ በመጡበት ዕለት፣ በመስኮቱ ፊት ቆመው ነው፡፡