ቤንዚን የማይጠጣ አውቶቡስ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቦዳ ቦዳው ሲያደርሰኝ፣ «ቲቸር፣ የለፋሁበትን ቤንዚን በላው። በባትሪ የሚሄድ ሞተር መጥቷል ሲሉ እውነት ነው?» አለኝ።

እውነት ነው። በቻይና የምትገኘው ሼንዘን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከ16,000 የሚበልጡ አውቶቡሶቿን በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ ቀይራ ጨረሰች። መንግሥት ዋጋውን ደጎመ፤ የባትሪ መሙያ ጣቢያዎች ተሠሩ። አውቶቡሶቹም በአብዛኛው ሌሊት፣ መብራት በሚረክስበት ሰዓት ይሞላሉ።

ነገሩ ወደ እኛም ቀርቧል። ናይሮቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ሕዝብ ያመላልሳሉ። ኪጋሊ ደግሞ ሞተረኛው ባትሪው ሲያልቅ ቆሞ አይጠብቅም፤ ጣቢያ ገብቶ በተሞላ ባትሪ ለውጦ ይሄዳል። አገራችን ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች።

ታዲያ ችግር የለውም ማለት አይደለም። መግዣው ውድ ነው፤ መብራት በሌለበትም አይሠራም። ደግሞም ይህ ሞተር ካንዴላ፣ ካርቡራተር፣ የሞተር ዘይት ቅያሬ የሚባል አያውቅም። በዚሁ ሥራ ልጆች የሚያሳድጉ መካኒኮች እዚህ ካምፕ አሉን። ነገ ምን ሊሠሩ ነው?

ለተማሪዬ የመለስኩለት ይህንን ነው፦ መፍቻህን አትጣል፤ ግን ስለ ባትሪና ስለ ኤሌክትሪክ ከአሁኑ ተማር። ከማክሰኞ ጀምሮ ማታ ማታ ሊመጣ ተስማምተናል። ሌላም የሚፈልግ ካለ ደብተር ይዞ ይምጣ።

ቸር ይግጠመን።