የትምህርት ቤቶች ጥምረት ከአቃቂ ሲታይ

ከእንጦጦና ከወጨጫ ተነስቶ አዲስ አበባን አቋርጦ የሚወርደው ውሃ አብዛኛው መድረሻው አቃቂ ነው። ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ፣ ትንሹ አቃቂ በምዕራብ በኩል ይወርዱና አባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አዋሽ ይቀበላቸዋል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። እንግዲህ መርካቶ የተጣለ ፌስታል፣ ከቆዳ ፋብሪካ የወጣ ክሮም፣ ከመጸዳጃ ቤት ያመለጠ ፍሳሽ ከሰፈር ቢጠፋም ከአገር አይወጣም። አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚያድግ ልጅ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ መግለጥ የለበትም። ድልድዩን ሲሻገር አፍንጫው ይነግረዋል።

ለአንባቢ የማስተዋውቀውን ነገር ከአቃቂ ሆኜ ማየት የመረጥኩት ለዚህ ነው። ነገሩ የትምህርት ቤቶች ዓለም አቀፍ ጥምረት ነው፤ በሁለት አገር ያሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን አገናኝተው ምድርን ሳያራቁቱ መኖርን አብረው የሚያስተምሩበት አሠራር። ስሙ ሲነሳ ብዙ ወላጅ ቀድሞ የሚመጣለት ፓስፖርትና አውሮፕላን ነው። ጉዞው ግን ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው።

ሁለት መምህራን ይተዋወቃሉ፤ በከተሞች እህትማማችነት፣ በኤምባሲ የባህል ተቋም ወይም ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል። አንድ ጉዳይ ይመርጣሉ፦ ውሃ፣ ቆሻሻ፣ ምግብ፣ ልብስ ወይም መብራት። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 የሆኑ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ቡድን ይመሠርታሉ፤ እኛ ዘንድ ለዚህ ቅርቡ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ነው። ለወራት አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ዓይነት ዘዴ ይለካሉ፤ ውጤቱን በኢሜይልና በቴሌግራም ይለዋወጣሉ። ገንዘብ ከተገኘ አንዱ ወገን ሌላው ዘንድ ሄዶ በተማሪ ቤተሰብ ቤት እያደረ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። በሌላ ጊዜ ደግሞ እንግዳ የነበረው አስተናጋጅ ይሆናል፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ እንዲህ ነው።

ሐሳቡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ የወጣ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1953 በ15 አገሮች የሚገኙ 33 ትምህርት ቤቶችን ይዞ የጀመረው መረብ ዛሬ ከ12 ሺህ በላይ አባላትን ያቀፈ ነው። ጀርመንና ፈረንሳይ በ1963 የወጣቶች ልውውጥ ተቋም ያቆሙት የአባቶቻቸውን ደም ልጆቹ እንዳይወራረሱ ብለው ነበር። ያኔ ጭንቀቱ ሰላም ነበር፤ ስለ ወንዝ የሚያነሳ አልነበረም። ከ1992ቱ የሪዮ ጉባኤ በኋላ ግን ነፋሱ ዞረ። በ1994 አውሮፓ ውስጥ የተጀመረው ኢኮ ስኩልስ ተማሪዎች የገዛ ትምህርት ቤታቸውን ውሃ፣ መብራትና ቆሻሻ መርምረው፣ አቅደው፣ ለውጥ ሲያሳዩ አረንጓዴ ባንዲራ የሚያሰቅል ፕሮግራም ነው። ጀርመን በ2005 ኤንሳ የሚባለውን ፕሮግራም ጀምራ ትምህርት ቤቶቿ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ጋር እንዲጣመሩ ትደግፋለች። እኛ ዘንድ ከቀደሙት መካከል ሊንክ ኢትዮጵያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ጎንደር ላይ በአንድ የእንግሊዝና በአንድ የጎንደር ትምህርት ቤት ወዳጅነት ተጀምሮ በኋላ ብዙ ትምህርት ቤቶችን በደብዳቤ ያገናኘ ነው።

ለአቃቂ ልጅ የሚስማማው ተጣማሪ ከየት ይምጣ ብባል የምጠቁመው ላይፕዚግን ነው። አዲስ አበባና ይህች የምሥራቅ ጀርመን ከተማ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እህትማማች ናቸው። እህትማማችነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በባለሥልጣናት ጉብኝት ነው፤ ለተማሪ የሚጠቅመው ግን የወንዙ ታሪክ ነው።

ላይፕዚግን አቋርጦ የሚያልፍ ፕላይሰ የሚባል ወንዝ አለ። ከከተማዋ በስተደቡብ ቡናማ ድንጋይ ከሰል ይቆፈር ነበር፤ ከሰሉን ወደ ጋዝና ኬሚካል የሚለውጡ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን የሚደፉት ወንዙ ውስጥ ነበር። ውሃው አረፋ ደፈቀ፤ ጠቆረ፤ ሸተተ። የሶሻሊስቱ መንግሥት ያገኘው መፍትሔ ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በመሃል ከተማ የሚያልፈውን የወንዙን ቦይ ከመሬት በታች ቀበረው። የማይታይ ነገር አይሸትም ብሎ ይሆናል። በ1988 በዓለም የአካባቢ ቀን ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን የአካባቢ ቡድኖች የተሰባሰቡ ወጣቶች ለወንዙ መታሰቢያ ብለው በዳርቻው ሰልፍ ወጡ። በዓመቱ ሊደግሙት ሲሉ ታገዱ፤ ከእነሱም የታሰሩ አሉ። የዚያኑ ዓመት መጸው ያቺው ከተማ በሰኞ ሰልፎቿ የአገሪቱን ሥርዓት አናጋችው።

ከጀርመን ውህደት በኋላ የተቀበረው ቦይ እየተቆራረሰ ተከፈተ። የከሰል ጉድጓዶቹ ውሃ ተሞልተው ሐይቅ ሆኑ፤ ኮስፑደን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2000 ለዋናተኞች ክፍት ሆኗል። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለፖስተር ያምራል። ተማሪ ሊሰማ የሚገባው ግን ቀሪውንም ነው። ወንዙ የጠራው ማጣሪያ ስለተሠራ ብቻ አይደለም፤ ፋብሪካዎቹ ስለተዘጉና በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች እንጀራቸውን ስላጡም ነው። ዛሬም ቢሆን ከአሮጌው የከሰል መሬት እየሰረገ የሚገባ ብረት የፕላይሰን ውሃ ቡናማ ያደርገዋል። አባቱ ወይም እናቱ ፋብሪካ ውለው ለሚገቡለት የአቃቂ ተማሪ ይህ የሩቅ ታሪክ አይሆንም። «ፋብሪካው ይዘጋ» ማለት ቀላል ነው፤ «ሳይዘጋ እንዴት ይታጠብ» የሚለው ጥያቄ ግን ሁለቱን ክፍሎች ለአንድ ዓመት ያነጋግራል።

አሁን የላይፕዚግ ተማሪዎች አቃቂ መጡ እንበል። በተለመደው እንግዳ አቀባበል አበባ ይበረከትላቸዋል፤ ቡና ይፈላል፤ እስክስታ ይወረዳል፤ ከዚያ ላሊበላ። ይህን የሚጠላ የለም። ግን ለመጡበት ጉዳይ የሚጠቅማቸው ሁሉ በክፍለ ከተማው ውስጥና በደጁ አለ። ቃሊቲ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያክም የተሠራ ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ አየር በሌለበት ገንዳ በባክቴሪያ ይብላላል፤ ቀጥሎ አየር በሚያገኝበት ማጣሪያ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። በዚያው በአቃቂ ከመሬት በታች ደግሞ ሌላ ውሃ አለ፤ ጥልቅ ጉድጓዶቹ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ጋር የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ዋና ምንጮች ናቸው። የከተማ ቆሻሻ የሚወርድበትና የከተማ መጠጥ የሚቀዳበት ስፍራ አንድ መሆኑን ለሚያስተውል ልጅ የመምህር ማብራሪያ ብዙም አያስፈልገውም።

አባ ሳሙኤል ላይ የ6.6 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ አለ፤ ከአገሪቱ ቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሷል። ሐይቁን ግን እንቦጭ ይጋርደዋል። እንቦጭ ሲባል ሁላችንም ጣና ላይ እናለቅሳለን፤ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ነው፤ ጣና ላይ የታየው ከዚያ 46 ዓመት ቆይቶ በ2011 ነው። አረሙን የሚያወፍረው ከፍሳሽና ከማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። የጣናና የአባ ሳሙኤል ልጆች እርስ በርስ ቢጣመሩስ? ባሕር ሳይሻገሩ የሚሠራ ጥምረት ይሆን ነበር፤ የቪዛ ወረፋም የለው።

መለካት ያልኩት ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። ለውሃ ጥራት የሚሠራበት አንዱ መሣሪያ ረጅም፣ በጎኑ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ከሥሩ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ይለጠፍበታል፤ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ይታሰራል። ተማሪው ከላይ ቁልቁል እያየ ውሃውን ቀስ ብሎ ያንቆረቁራል፤ ጥቁርና ነጩ መለየት ሲያቅተው ያቆምና ሴንቲ ሜትሩን ይመዘግባል። በቃ። ያው ልኬት በዚያው ሳምንት ፕላይሰ ላይ ይወሰዳል፤ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ ይገባሉ። መምህሩ ቀድሞ ሊያስጠነቅቅ የሚገባው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ አቃቂ ወንዝ ውስጥ ያለ ጓንትና ቦቲ እጅ አይነከርም፤ እግርም አይገባም። ሁለተኛ፣ ክረምት ላይ ደለል ያደፈረሰው ውሃ በጋ ላይ ጠርቶ ሊታይ ይችላል፤ የጠራ ሁሉ ግን ንጹህ አይደለም፤ የሟሟ ክሮም ለዓይን አይታይም። በወንዙ የሚለማውን ቆስጣና ሰላጣ የመረመሩ ሳይንቲስቶች ከባድ ብረቶችን ያገኙት ቅጠሉ ለምለም ሆኖ ሳለ ነው፤ እንዲያውም ቅጠላ ቅጠል ከሌላው አትክልት ይበልጥ ይሰበስባቸዋል።

ሌላው ሥራ ቅርጫት መገልበጥ ነው። የአንድ ቀን የትምህርት ቤት ቆሻሻ ሸራ ላይ ይዘረገፋል፤ ይለያል፤ ይመዘናል። አቃቂ ላይ ሃይላንድ ቅርጫት ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ለቃሚ ቀድሞ ያነሳዋል፣ ቁራሌውም ይገዛዋል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለሚጣል የመጠጥ ጠርሙስ 25 ሳንቲም ዩሮ መያዣ እያስከፈሉ ሰው ባዶውን እንዲመልስ ያደርጋሉ። እነሱ በሕግና በማሽን ያመጡትን እኛ ዘንድ አንድ ጆንያ የተሸከመ ሰው በጩኸቱ ይሠራዋል። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስማ ባዶ ሳይዝ ሱቅ የሄደ ልጅ በባዶ እጁ እንደሚመለስ ሁላችንም ተምረን ያደግንበት ነው። ልዋጭ የሚለው ነጋዴ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳፋ ይሰጣል፤ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ምድጃ ሆኖ ይወጣል፤ ያረጀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። ቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬብልስን ስትመሠርት ጫማዎቿ ለዓለም ገበያ የቀረቡት በዚሁ የጎማ ሶል ነው። በዚህ ጉዳይ አስተናጋጁ ተማሪ አስተማሪ ነው፤ እንግዳው ደብተር ይያዝ።

ይህን ስል ድህነትን ጥበብ እያልኩ ላሞካሽ አይደለም። ቁራሌው የሚለፋው አማራጭ ስለሌለው ነው፤ ፌስታልም የሚገዛው ስለሌለ በየቦዩ ተሰግስጎ ጎርፍ ይጠራል። ለዚህም ነው በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን የከለከለውና ይዞ በተገኘ ግለሰብ ላይ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት የጣለው። ሕጉ ከልማድ ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሆን ተማሪዎቹ ገበያ ወጥተው ቢያዩት ጥሩ የጥናት ርዕስ ነው።

የጥምረቱ ሁለት ሕመሞች ግን መነገር አለባቸው። የመጀመሪያው ስጦታ ነው። አንዱ ወገን አሮጌ ኮምፒውተርና እርሳስ ሲልክ፣ ሌላው የምስጋና ደብዳቤ ሲጽፍ የሚኖር ግንኙነት ጥምረት አይባልም፤ ተማሪውን የሚያስተምረው መቀበልን ነው። ያ የመጣው ኮምፒውተር ሲሞት የሚጣልበት ቦታም አይላክም። ሁለተኛው አውሮፕላኑ ነው። አንድ ጀርመናዊ በዓመት በአማካይ ወደ 7 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ከሩብ ቶን በታች። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ለአንድ መንገደኛ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። አንድ ተማሪ ስለ አየር ንብረት ሊማር ሲመጣ የበርካታ ኢትዮጵያውያንን የዓመት ድርሻ በሰማይ ላይ አቃጥሎ ነው። ይህ ጉዞውን ከንቱ አያደርገውም፤ ከወራት ልኬት በኋላ ካልመጣ ግን ሽርሽር ነው። በዚያ ላይ ቪዛው ለአንዱ ወገን ቶሎ፣ ለሌላው በስንት ምልጃ ስለሚገኝ ጉዞው ብዙ ጊዜ ባለ አንድ አቅጣጫ ሆኖ ይቀራል። እኔ ብጠየቅ መልስ ጉብኝት ያልተረጋገጠለት ጥምረት በኢንተርኔት ይቅር እላለሁ።

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የምትመሩ መምህራን ሆይ፣ ተጣማሪ ፍለጋ ኢሜይል ከመጻፋችሁ በፊት የአንድ በጋና የአንድ ክረምት መዝገብ ያዙ። የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ ሚዛን፣ ጓንትና ያ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ የሚያስፈልጋችሁን ዕቃ ዝርዝር ሳይሆን የለካችሁትን ቁጥር ይዞ ይሂድ፤ ከሥሩም የእነሱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።