ከፊል ክፍልፋዮችና የቡና ቅጠል ዋግ የመስፋፊያ ጊዜ

በሚዛን ተፈሪ፣ በበበቃና በቴፒ ዙሪያ ባለው ሞቃትና ዝናባማ የቡና ምድር፣ በቅጠል ጀርባ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት መስሎ የሚታየው የቡና ቅጠል ዋግ እንግዳ አይደለም። ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1869 በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ተመዝግቦ የደሴቲቱን ቡና አጥፍቶ እርሻዋን ወደ ሻይ አዙሯል። ርጭት መቼ ይጀመር የሚለው ጥያቄ ወደ አንድ አልጀብራዊ ክፍልፋይ ይመራል።

የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪው ቫን ደር ፕላንክ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት መጽሐፍ በተጠቀሙበት ሞዴል መሠረት፣ የታመመው የቅጠል ድርሻ «መ» ቢባል፣ የበሽታው ዕድገት ከ«መ» እና ከጤነኛው ድርሻ (1 − መ) ብዜት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ዘሩን የሚበትነው የታመመው ቅጠል፣ የሚቀበለው ደግሞ ጤነኛው ነውና። ስለዚህ የመስፋፊያውን ጊዜ ለማግኘት የሚከተለው ክፍልፋይ ኢንቴግራል ይፈለጋል፤ ለዚህም አስቀድሞ ይከፈላል፦

1/[መ(1 − መ)] = ሀ/መ + ለ/(1 − መ)

ሁለቱም ወገን በታህቱ ሲባዛ 1 = ሀ(1 − መ) + ለ × መ ይሆናል። መ = 0 ሲደረግ ሀ = 1፣ መ = 1 ሲደረግ ለ = 1 ይገኛል። በ0ና በ1 የመጀመሪያው ክፍልፋይ ትርጉም ስለሌለው ብዙ ተማሪ ይህን መተካት በጥርጣሬ ያየዋል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ መምህራንም ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ይሁንና ከማባዛቱ በኋላ የቀረው የፖሊኖሚያል እኩልነት ነው፤ በሌሎቹ ዋጋዎች ሁሉ የሚጸና ከሆነ በ0ና በ1ም ይጸናል።

አሁን እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ይሰጣል። በሽታው ከ1 በመቶ ወደ 10 በመቶ ሲደርስ የመጀመሪያው ቁራጭ 2.30፣ ሁለተኛው 0.10 ገደማ ያዋጣሉ፤ ድምሩ 2.40 ነው። ከ10 በመቶ ወደ 50 በመቶ ደግሞ 1.61 እና 0.59፣ በድምሩ 2.20 ነው። የዕድገቱ መጠን ለምሳሌ በቀን 0.1 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ጉዞ 24፣ ሁለተኛው 22 ቀን ይፈጃል። ገበሬው በሽታውን ልብ ያለው ከአሥር ቅጠል አንዱ ሲታመም ከሆነ፣ ከ1 በመቶ እስከ እኩሌታ ካለው ጊዜ ከግማሽ በላይ አልፎታል። የዘገየ የመሰለው ጅማሬ በዚያው ፍጥነት ይሠራ ነበር፤ የጎደለው የሚበትን ቅጠል ብቻ ነው።

ሞዴሉ የማይቆጥረው ነገርም አለ። ዋግ የያዘው ቅጠል ይረግፋል፤ በዛፉ ላይ ብቻ የሚቆጥር ሰው «መ»ን ከእውነተኛው ጉዳት አሳንሶ ይጽፋል።